ከማሩ በታች

ባሌ ኃይለጊዮርጊስ የሚወዳት አንዲት ቃል አለችው። ከእኔ በፊት የተዋወቃት፣ ከእኔ ይልቅ የሚታገሣት ቃል ናት። ሚዛን ተፈሪ ውስጥ እንግሊዝኛ ያስተምራል። በየዓመቱ አዲስ ተማሪ ሲገባለት ስሙን እንኳ ሳይናገር ሰሌዳው ላይ አራት የላቲን ፊደል በትልቁ ይጽፋል፦ ኤስ፣ ኤ፣ ኤል፣ ኢ። ከዚያ ዞር ብሎ «ይቺ ምን ማለት ናት?» ይላል። ልጆቹ «ሽያጭ» ይሉታል። የሚጠብቀውም ይህንኑ ነው።

«እንግሊዝ አገር ከሆናችሁ ልክ ናችሁ» ይላቸዋል። «ጣሊያን ብትሄዱ ግን ጨው ናት። ፈረንሳይ ብትሻገሩ ቆሻሻ። እስፔን ብትወርዱ ደግሞ ይወጣል ማለት ናት።» ዝምድና እንደሌላቸውም ያስረዳል። የእንግሊዙ በመርከብ ከመጡ የሰሜን ሰዎች የተገኘ ነው፤ የፈረንሳዩ ከጥንት ጀርመኖች የተወረሰ፤ የጣሊያኑና የእስፔኑ ሁለቱም ከላቲን ቢሆኑም አንዱ ከጨው አንዱ ከመዝለል የመጡ ናቸው። አንድ ዓይነት ልብስ ለብሰው ገበያ ላይ የተገጣጠሙ ባዕዳን ናቸው ይላል። ጣሊያንኛውን በልጅነቱ ከሚሲዮን አባቶች፣ ፈረንሳይኛውን ከሬዲዮ ነው የለቃቀመው፤ እስፔንኛውን ከየት እንዳመጣው እግዜር ይወቅ።

ይህን ክፍል ውስጥ ጨርሶት ቢመጣ ምንም አልነበረም። ለቅሶ ቤት ያወራዋል፤ ሠርግ ላይ ያወራዋል፤ ሽማግሌ ልኮ ሊያገባኝ በመጣ ሰሞን ለአባቴም አውርቶላቸዋል። ሚዛን አጠገብ ባለችው አማን፣ እኛ ሰፈር ያለ ሰው ሁሉ፣ ፊደል ያልቆጠረውም ጭምር፣ ይቺን ቃል በአራት ቋንቋ ያውቃታል። እኔ ደግሞ በተጀመረች ቁጥር ተነሥቼ ዕቃ አጥባለሁ። ቃሊቱ ቤቴ ድረስ መጥታ ከልጄ ራስጌ ስትቆም ነው አርፌ የሰማኋት።

የሁለተኛዋ ልጄ ሰማንያ ቀን እሑድ ይሞላ ነበር፤ የክርስትናዋ ድግስ ማለት ነው። ለትልልቁ ጠላው ተጠንስሷል። ለልጆች፣ ለማይጠጡ ሰዎችና ለሙስሊም ጎረቤቶቻችን ደግሞ ብርዝ መበጥበጥ ነበረብኝ። ለብርዙ የሚሆነውን ማር ረቡዕ ዕለት ከገበያ፣ ከደንበኛዬ ከበየነች፣ ከነበርሜሉ አስጭኜ አመጣሁ። ማሩ ከቱም ከተማ በኩል የመጣ ነው አለችኝ፤ በርሜሉንም ከዚያው ነው የገዛሁት አለች። ጉንዳን እንዳይወጣበት በጆንያ ጠቅልላ ሰፍታዋለች። በስፌቱ መሃል ሰማያዊ ቀለሙ ብቅ ሲል አንድ ነገር ሽው ብሎኝ ነበር። ነገር ግን ድግስ ያለበት ሰው ሽው ያለውን ሁሉ ተከትሎ አይሄድም። ጋኑ አልታጠበ፣ በርበሬው አልተፈጨ፣ ሕፃኗ ታለቅሳለች። እለፊው አልኩና አለፍኩት።

ቅዳሜ ረፋድ ላይ የጆንያውን ስፌት ተርትሬ ከፈትኩት። ክዳኑ ሰፊ ነው፤ ዳር ዳሩን ጥቁር ጎማ የዞረበት፣ በብረት ቀለበት የሚታሰር ዓይነት። ማሩ የጫካ ማር፣ ነጣ ያለና ወፍራም ነው። ከላይ ከላዩ በጭልፋ ቀዳሁና ጥቂት በጥብጬ ቀመስኩት፤ ጣፈጠኝ። ክዳኑን መደቡ ላይ ገልብጬ ትቼ ወደ ምድጃው ዞርኩ። ዞር ብዬ ሳይ የስድስት ዓመቷ ሳባ ክዳኑን እንደ አሻንጉሊት ታቅፋ፣ ጎማው ላይ የተጣበቀውን ማር ዙሪያውን በምላሷ ትልሳለች። ጎማውን በጥርሷ ሳብ እያደረገች ከሥሩ ያለውንም ትመጠምጣለች።

«ስትጨርሺ እጅሽን ታጠቢ» አልኳት።

ያልኳት ይህንን ነው። እስከ ዛሬ የራሴ ድምፅ ጆሮዬ ውስጥ አለ።

አንድ ሰዓት ያህል ቆይታ መጣችና ቀሚሴን ያዘች። «እማ፣ ምራቄ አልቆም አለኝ» አለች። ሳቅሁ። ማር የበላ ልጅ ምራቁ ይሞላል ብዬ ነው። ቀና ብዬ ሳያት ግን አገጯና ደረቷ ርሷል፤ ግንባሯ ላይ ላቡ ችፍ ብሏል፤ ዓይኗ ያለ ለቅሶ ያነባል። ወደ ብርሃን አዙሬ አየኋት። የዓይኗ ብሌን የጤፍ ፍሬ አክሏል። ከዚያ ሆዷን ይዛ እግሬ ሥር አስመለሰች። እኔም አብሬያት መሬት ተቀመጥኩ።

ጎረቤታችን ባለሱቁ ጋሽ ሳዲቅ ለነገው ድግስ አግዳሚ ወንበር በጋሪ አስጭኖ የደረሰው ያን ጊዜ ነው። ልጅቱን አየ፤ እኔን አየ፤ ከዚያ ጥግ ላይ ያለውን በርሜል አየ። ጆንያው ወርዶ ሰማያዊው በርሜል ራቁቱን ቆሟል። ሆዱ ላይ በነጭ ቀለም የተጻፈው ጽሑፍ በአብዛኛው ተፍቆ አራት ፊደል ብቻ ቀርቶታል። ኤስ፣ ኤ፣ ኤል፣ ኢ።

«ወሰኔ፣ ይህን በርሜል ከየት አገኘሽው?» አለኝ፤ ድምፁ ዝቅ ብሏል። «ቴፒ ሱቅ በነበረኝ ጊዜ እንዲህ ያለውን ከቡናው እርሻ ሲወጣ አየው ነበር። የመርዝ ነው ይሉት ነበር።»

መልስ ሳልሰጠው ኃይለጊዮርጊስ ከቅዳሜ ትምህርቱ ደረሰ፤ ጣቶቹ ላይ ገና ጠመኔ አለ። ጋሽ ሳዲቅ በሁለት ቃል ነገረው። ባሌ ልጅቷን ከማንሣቱ በፊት በርሜሉ ፊት ተንበረከከና ፊደሎቹን በጣቱ ነካቸው።

«ጨው ነው» አለ። «ወሰን፣ አትደንግጪ። ጣሊያንኛ ነው። ጨው የሚመጣበት ነው፤ የምግብ በርሜል ነው።»

«ፈረንሳይኛ ቢሆንስ መምህር?» አለ ጋሽ ሳዲቅ። «ቆሻሻ ነው ብለኸን አልነበር?»

«ፈረንሳዮች በርሜል ላይ እንዲህ አይጽፉም። ጨው ነው። የእንግሊዝኛውም ቢሆን ለሽያጭ የቀረበ ማለት ነው፤ ክፉ አይደለም። ጨው ግን ነው፤ ጨው ነው የሚመስለኝ።»

ደሜ ፈላ። ልጄ እግሬ ሥር እየተንቀጠቀጠች እሱ ያስተምራል መሰለኝ። ኋላ ላይ ነው የገባኝ፤ ያን ጊዜ ማስተማሩ አልነበረም። ዕድሜ ልኩን የተሸከማትን ቃል፣ በሕይወቱ አንድ ጊዜ፣ እባክሽን ይህን ሁኚልኝ እያለ እየለመናት ነበር። ቃሏ ግን እንደ ሁልጊዜው አራቱንም ሆና ቁጭ አለች።

«ኃይሌ፣ ልጅቷን አንሣ» አልኩት።

አነሣት። ጋሽ ሳዲቅ ከመንገድ ባጃጅ አስቁሞ ሁለቱን ወደ ሆስፒታል ላከልኝ። ሕፃኗ አልጋ ላይ ተኝታ ስለነበር እኔ ቀረሁ። «ሱሀይላን ልጥራልሽና ሕፃኗን ትያዝልሽ» ብሎ እሱም ወደ ሚስቱ ሮጠ። ቤቱ ጭር አለ። እኔና በርሜሉ ብቻ ተፋጠጥን።

ብዙም ሳይቆይ ስልኬ ጮኸ። ኃይለጊዮርጊስ ነው። «ሐኪሙ ውስጡ ምን ነበር ይላል» አለኝ። ስልኩን ሌላ ሰው ተቀበለው፤ ወጣት ድምፅ ነው።

«እናቷ ነዎት? ይስሙኝ። የማየው ምልክት ከአንድ ዓይነት መርዝ ጋር ይሄዳል፤ ለሱ የሚሆን መድኃኒት አለን፤ በትንሹም ጀምሬላታለሁ። ለውጥ እስካይ ደግሜ ደጋግሜ መስጠት ይኖርብኛል። መርዙ ሌላ ዓይነት ከሆነ ግን ያው መድኃኒት ራሱ ይጎዳታል። አባቷ በርሜሉ ላይ የተጻፈውን ነግሮኛል፤ እሱ አይረዳኝም። ውስጡ ምን እንደነበር የሚያውቅ ሰው ካለ ፈልገው ይደውሉልኝ። በተቻለ ፍጥነት።»

የሚያውቅ ሰው። ስልኩን ይዤ በርሜሉ ፊት ቆምኩ። የሚያውቅ ሰው ካለ እኔ ነኝ።

ሳላገባ በፊት በቴፒ መንገድ ካሉት የቡና እርሻዎች በአንዱ የንብረት ክፍል ሠራተኛ ነበርኩ፤ ስሙን መጥራት አልፈልግም። የአረም መርዙም፣ የተባይ መርዙም፣ በቅጠል ላይ የሚረጨው ማዳበሪያም ከየአገሩ በአንድ ዓይነት ሰማያዊ በርሜል ተሞልቶ ይመጣልን ነበር። ጽሑፉ አንዴ በዚህ ቋንቋ ነው፣ አንዴ በዚያ። አንሥቶ የሚወስደው ሠራተኛ ደግሞ ገሚሱ ቤንች፣ ገሚሱ ሸኮ፣ ገሚሱ ከከፋ የመጣ ነው፤ አማርኛውንም ቢሆን ተጣጥረው ነው የሚናገሩት። በየጊዜው ይሳሳታሉ። ባዶ የሆነ በርሜል ደግሞ ውሃ መቅጃ እንዳይሆን ቂጡ ይበሳ የሚል ሕግ ነበረን። መብሳቱ የእኔ ሥራ ነበር፤ ሚስማርና መዶሻ ተሰጥቶኛል። ቀኑ ሲረዝምብኝ አንድ ዘዴ አመጣሁ። የቅጠል ማዳበሪያ የነበረበትን አንድ ቦታ፣ የአረም መርዝ የነበረበትን ሁለት ቦታ፣ የተባይ መርዝ የነበረበትን ሦስት ቦታ እበሳለሁ፤ ሦስቱን እንደ ጉልቻ አድርጌ። ማንበብ የማይችል ሰው በጣቱ ዳስሶ እንዲያውቅ ነው። ሠራተኛው ሁሉ ለመደው። አለቃችን እንኳ ስቆ «የወሰንየለሽ ፊደል» ይለው ነበር።

በርሜሉን ልገፋው ሞከርኩ። የማር ክብደት ጉድ ነው፤ ንቅንቅ አላለም። ጋሽ ሳዲቅ እስኪመለስ መጠበቅ አልቻልኩም። እጅጌዬን እስከ ትከሻዬ ጠቀለልኩና ቀኝ እጄን ማሩ ውስጥ ከተትኩ።

ማር አያስቸኩልም። ይህን አላውቅም ነበር። በኃይል ስገፋው በኃይል ይመልሰኛል፤ ዝግ ስልለት ዝግ ብሎ ያስገባኛል። ልጄ ሆስፒታል ትንፋሽ አጥሯት እኔ ጣት በጣት እወርዳለሁ። ክርኔ ገባ። ከክርኔ በላይ ገባ። ጉንጬ የበርሜሉ ከንፈር ላይ ተለጠፈ፤ ያ ጎማ ያረፈበት ቦታ ላይ። አንድ የሚሰነፍጥ ሽታ፣ ከማሩ ሽታ ሥር ቀጭን ሆኖ፣ አፍንጫዬ ገባ። አወቅሁት። የመጋዘኑ ሽታ ነው፤ ከላይ የቀመስኩት ማር ያላሳየኝ መርዝ ጎማው ሥር ተደብቆ ኖሯል። ልጮህ ፈለግሁ፤ ግን ሕፃኗን እንዳላስደነግጥ ፈራሁ። እንዲህ ባለ ሰዓት የሚታሰበው ነገር ይገርማል።

ማሩ ብብቴ ጋ ሲደርስ ጣቶቼ ቂጡን ነኩ። ልሙጥ ነው። ሰም አለ፤ የሞተች ንብ አለች፤ ሌላው ልሙጥ ነው። አምላኬ ሆይ፣ ልሙጥ ይሁን ብዬ ዳሰስኩ። በመሃል ጣቴ አንድ ነገር ነካሁ። የሸሚዝ ቁልፍ የሚያክል እብጠት፤ የቀለጠ ፕላስቲክ የተለጠፈበት። የተደፈነ ቀዳዳ ነው።

አንድ።

አንድ ይሁን አልኩ። አንድ ከሆነ ማዳበሪያ ነው፤ ያስመልሳታል፣ ይተዋታል። ጣቴን ወደ ግራ አንሸራተትኩ፤ ሁለተኛውን አገኘሁት። ዓይኔን ጨፈንኩ። ከዚያ በኋላ መፈለግ አልፈለግሁም። እውነቱን ልናገር፤ ለአንድ ትንፋሽ ያህል እጄን እዚያው አቁሜ፣ ሁለት ነው ብዬ ልደውል አሰብኩ። ካልነካሁት የማይኖር መስሎኝ ነው። ነገር ግን የገዛ እጄ ነው፤ ሦስተኛው የት እንዳለ ከእኔ በላይ ያውቃል። በሁለቱ መሃል፣ ወደ ፊት ሁለት ጣት ራቅ ብሎ። ሄደና አረፈበት።

ሦስት። እንደ ጉልቻ።

ያን ጊዜ ነው ቱም የመጣብኝ። እርሻውን ልለቅ ጥቂት ወራት ሲቀሩኝ ለሥራ ቱም ሄጄ ነበር። ገበያው ዳር አንዲት ሴት በሰማያዊ በርሜል ውሃ ትሸጣለች። በርሜሉ ባዶ ሲሆን ዘቅዝቃ ስታጥበው ቂጡን አየሁት። ሁለት ቦታ ተበስቶ በቀለጠ ፕላስቲክ ተደፍኗል። ከመጋዘናችን እያወጣ ማን እንደሚሸጣቸው ገባኝ፤ ይሄይስ የሚባል የመጋዘን ጠባቂ ነበረን፤ አምስት ልጅ ያለው፣ ጠዋት ጠዋት በቆሎ እሸት ጠብሶ የሚሰጠኝ ሰው። ለአለቃችን ልናገር ብዬ ተነሣሁ፤ እርሻው ስደርስ ይሄይስ በሩን ከፈተልኝና «እህቴ፣ እንኳን በደህና መጣሽ» አለኝ። ዝም አልኩ። ሴትዮዋንም አልነገርኳትም። በርሜሉን መብሳት የእኔ ሥራ ነው፤ እሱን ሠርቻለሁ፤ የተረፈው የሌላ ሰው ነው አልኩ። ብዙ ጊዜ ለራሴ ስለደጋገምኩት እውነት መስሎኝ ረስቼው ነበር።

እጄን አወጣሁት፤ ማሩ እስከ መጨረሻው ይዞኝ ነበር። በግራ እጄ ደወልኩ።

«ሦስት ነው» አልኩት።

«ምኑ ነው ሦስት?» አለ ኃይለጊዮርጊስ።

«ለሐኪሙ ስጠው።»

ለሐኪሙ የተባይ መርዝ ነው አልኩት፤ ያ ነርቭ ላይ የሚሠራው ዓይነት፤ እርሻው ውስጥ ሌላ ዓይነት በሦስት ተበስቶ አያውቅም። መርዙን የሚረጩ ሠራተኞች ሲታመሙ ክሊኒኩ ምን ይሰጣቸው እንደነበርም ነገርኩት። «እርግጠኛ ነዎት?» አለኝ። «የበሳሁት እኔ ነኝ» አልኩት። ሌላ አልጠየቀኝም፤ ስልኩን ሳይዘጋ ነርሷን ሲጠራ ሰማሁ።

ሱሀይላ ደርሳ ኖሮ ምንም ሳትጠይቅ ክንዴን በሳሙና ሦስት ጊዜ አጥባ አደረቀችኝና ሕፃኗን ተቀበለችኝ። ቢሆንም የማሩ ጠረን አልለቀቀኝም። ባጃጅ ውስጥ ንቦች ተከትለውኝ ገቡ። ባለባጃጁ ሊያባርራቸው እጁን ሲያወናጭፍ «ተዋቸው፣ አንተ መንገድህን ንዳ» አልኩት። እጄ ላይ ሄዱ፤ አንዷም አልነደፈችኝም። ብትነድፈኝ ደስ ይለኝ ነበር።

ሳባ ጠባብ አልጋ ላይ ናት፤ ክንዷ ላይ መርፌ ተሰክቷል፤ ከአፏ የሚወጣውን ነርሷ በቀጭን ቱቦ ትስብላታለች። ደረቷ ሲወጣና ሲወርድ አጥንቷ ይቆጠራል። ሐኪሙ በየአምስት ደቂቃው ዓይኗን ገልጦ ያያል፤ መድኃኒቱን ይጨምራል፤ እንደገና ያያል። ኃይለጊዮርጊስ ግድግዳው ሥር ወለሉ ላይ ተቀምጧል። ቀና ብሎ አየኝ። በዘጠኝ ዓመት ትዳራችን ቃል አጥቶ ያየሁት ያን ቀን ነው። አጠገቡ ተቀመጥኩ። «እስኪነጋ ማለፍ አለባት» ተባልን።

ያን ሌሊት አልተርከውም። የፈራሁትን ፍርሃት የማስቀምጥበት ቦታ የለኝም።

ሲነጋ ሐኪሙ በባትሪ ዓይኗን አየና ለመጀመሪያ ጊዜ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። እኔም ጎንበስ ብዬ አየሁ። የጤፍ ፍሬ ያክል የነበረው ብሌን ምስር አክሏል። ከንፈሯ ደርቋል፤ ምራቋ ቆሟል። ጥቂት ቆይታ አወቀችኝ።

«እማ፣ ክርስትናው አለፈ?» አለች።

«አላለፈም። ይጠብቅሻል» አልኳት፤ እዚያው አልጋው ጫፍ ላይ ተደፍቼ አለቀስኩ።

ረፋድ ላይ ከባሌ ጋር ደጅ ወጣን። «አራቱንም አውቃቸዋለሁ» አለኝ፤ «አንዱ አልጠቀመኝም።» ላጽናናው እችል ነበር፤ ግን የራሴ ሸክም ነበረብኝ። ስለ ቱም ነገርኩት፤ ስለ ሴትዮዋ፣ ስለ ይሄይስ። አልተቆጣም። መቆጣቱ ይሻለኝ ነበር።

«ለምን ዝም አልሽ?» አለኝ።

«ፈራሁ።»

«ምንን?»

አሰብኩ። ሥራዬን ልበል፣ ይሄይስን ልበል፣ የሰው ዓይን ልበል። «ይህን የሚያክል ነገር አልነበረም» አልኩት። «አሁን ሳስበው በጣም ትንሽ ፍርሃት ነበረች።»

ማሩን ቀብረነው፣ በርሜሉን ለጤና ጽሕፈት ቤት ሰዎች አስረከብን፤ የማውቀውንም ከነይሄይስ ስም ነገርኳቸው። አንዱ ሠራተኛ ጽሑፉን አይቶ «ይሄ ምን ማለት ነው?» ሲል ባሌ አጠገቤ ቆሞ ነበር። «አላውቅም» አለው። እውነቱን ነው፤ ያቺ ቃል ከየት ቋንቋ እንደመጣች እስከ ዛሬ አላወቅንም።

እነሱ መቼ ወደ ገበያው እንደሚመጡ አልነገሩኝም። ረቡዕ ሲደርስ እኔ ቀደምኳቸው። ለማር ሻጮች ሁሉ አንድ በአንድ እነግራቸዋለሁ ብዬ ስወጣ ኃይለጊዮርጊስ ልምጣ አለ፤ ከሳባ ጋር ቆይ አልኩት። በየነች ቦታዋ ላይ ናት፤ አጠገቧ ሦስት በርሜል አለ፤ የሁለቱ ማር አልቋል። ሁሉም ሰማያዊ ነው። የልጅ ልጇ እግሯ ሥር ቁጭ ብላ ጣቷን ትጠባለች።

«እህቴ፣ ልጅሽ ታማ ነበር አሉ፤ እንደምን አደረች?» አለችኝ።

እዚያው ገበያው መሃል ቆሜ ነገርኳት። የበሳሁት እኔ እንደሆንኩ፣ ተደፍኖ አይቼ ዝም ያልኩት እኔ እንደሆንኩ፣ አንድ ምን እንደሆነ፣ ሁለት ምን እንደሆነ፣ ሦስት ምን እንደሆነ። ሰው ከበበን። አንዱ «ይቺ ሴት ገበያ ልትዘጋ ነው» አለ፤ ሌላው ዝም አሰኘው። በየነች አልተሳደበችም፤ አልማለችም። ፊቷ ብቻ አመድ መሰለ። ሁለት ተሸካሚዎች ጠርታ የመጀመሪያውን በርሜል አስዘቀዘቀች፤ ዳሰስኩት፤ ልሙጥ ነው። ሁለተኛውንም አስዘቀዘቀች፤ ልሙጥ ነው። ሰዉ ተነፈሰ።

ሦስተኛው እስከ አፉ ሙሉ ነው። ተሸካሚዎቹ ሞክረው ተዉት። ክዳኑ መሬት ላይ ተገልብጧል፤ ጥቁሩ ጎማ ዙሪያውን ተልሶ ያብለጨልጫል። እኔም አየሁት፤ በየነችም አየችው። ቀስ ብላ ወደ ልጅ ልጇ ዞረች። ልጅቷ ጣቷን ከአፏ አውጥታ ሳቀችላት።

እጅጌዬን ልጠቀልል ስል በየነች ክንዴን ያዘችኝ። «እኔ ልግባ» አለች። ነጠላዋን አውልቃ ለእኔ ሰጠችኝና እጇን ማሩ ውስጥ ከተተች። «ዝግ በይ፣ አያስቸኩልም» አልኳት። ማሩ በበርሜሉ ዙሪያ እየፈሰሰ ክርኗ ገባ፣ ትከሻዋ ገባ፣ ጉንጯ የበርሜሉ ከንፈር ላይ ተለጠፈ። ዓይኗን ከዓይኔ አልነቀለችም። ከዚያ ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ።

«አንድ» አለች፤ እጇ ግን ገና እየፈለገ ነበር።